ስለ ቀለበትሽ ድንጋይ

ይድረስ ለምናፍቅሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራው ወጥሮ ይዞኝ ጠፋሁብሽ፤ አትቀየሚኝ። የቀለበትሽን ፎቶ ካየሁ በኋላ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እልልልል! እንኳን ደስ አለሽ!

«የሻኪሶ ኤመራልድ ነው አለኝ፤ ግን ውስጡ የተሰነጠቀ ይመስላል፤ ተሸውዶ ይሆን?» ብለሽኛል። እኔን መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። እዚህ ዶሃ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከዚሁ ድንጋይ ጋር ነው።

ኤመራልድ ያልሽው አረንጓዴው የከበረ ድንጋይ፣ የእኛው መረግድ ነው። በዮሐንስ ራእይ በዙፋኑ ዙሪያ ያለው ቀስተ ደመና የተመሰለበት፣ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም አራተኛ መሠረት። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ፓኪስታናዊ አዛውንት አሉ፤ ሁላችንም «ቻቻ» እንላቸዋለን፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው። እሳቸው በኡርዱ ዙሙሩድ ይሉታል። በአገራቸው ዙሙሩድ የሰው ስምም ይሆናል፤ ደማቅ አረንጓዴ ልብስ ደግሞ «ዙሙሩዲ» ነው። በእንግሊዝኛም ኤመራልድ የቀለም ስም ነው። አየርላንድን ከልምላሜዋ የተነሣ የኤመራልድ ደሴት ይሏታል። ማዕዘኖቹ የተከረከሙ ባለ አራት ጎን አቆራረጥም በስሙ ይጠራል፤ ያንቺም እንደዚያ የተቆረጠ መሰለኝ።

ቻቻ በሰሜን ፓኪስታን ያለው የስዋት ሸለቆ ሰው ናቸው። የመረግዱ ማዕድን ያለው ከከተማቸው ከሚንጎራ አጠገብ ነው። ድንጋይ ሲመጣላቸው በወረንጦ ይዘው ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ይለጥፋሉ፣ ቀስ እያሉ ያዞሩታል። መጀመሪያ የሚፈልጉት ስንጥቁን ነው! ጥርት ብሎ ዋጋው የረከሰ ከሆነ «ጠርጥሪ» ይሉኛል። መረግድ ከመሬት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ እንከን ይዞ ነው። ፈረንሳዮች ያንን የውስጥ ጭረትና ጥላ «የአትክልት ቦታ» ይሉታል። ብርጭቆ ከሆነ ግን ክብ ክብ የአየር አረፋ ይታይበታል። ስለዚህ ስንጥቁ ብቻውን አያስደንግጥሽ። ለማረጋገጥ ለባለሙያ አሳዪው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብዙው መረግድ ስንጥቁ እንዲሸፈን ዘይት ይገባበታል። የፈላ ውኃና እንፋሎት ዘይቱን ያወጡታል። እንጀራ ስትጋግሪ አውልቂው። በረኪናም አይንካው። ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።

በዕረፍት ቀናችን ከቻቻ ጋር እዚህ ያለው የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ሄደን ነበር። እዚያ ሕንድን ይገዙ የነበሩት የሙጋል ነገሥታት ዘመን መረግድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1695 ገደማ የተቀረጸ፣ 217.8 ካራት፣ ማለትም ከ43 ግራም በላይ። በአንድ ወገን የዐረብኛ ጸሎት፣ በሌላው አበባ ተቀርጾበታል። ድንጋዩ ከኮሎምቢያ ተነሥቶ ነው ሕንድ የደረሰው። ቻቻ ጸሎቱን በሹክሹክታ እያነበቡ ረጅም ጊዜ ቆሙ። እኔ ደግሞ የጉጂን ምድር አሰብኩ። የሻኪሶ መረግድ ገበያ ላይ በደንብ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ነው። ብዙው ግን ጥሬውን ይወጣና ሕንድ ጃይፑር ተቆርጦ ይሸጣል። ይህ በጣም ያንገበግበኛል። ልጆቻችን እዚያው ሆነው ቢቆርጡት እጃቸው ያንሳል? እጮኛሽ ከአገር ቤት መግዛቱ ደስ ያሰኘኝ ለዚህ ነው።

ማን እንደቆረጠው ጠይቂልኝ። የሠርጉንም ቀን ቶሎ አሳውቂኝ፤ ፈቃድ ከአሁኑ ልጠይቅ።

እማማን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ፣ ከዶሃ