ሽጉጧ አልገጥም ስትልሽ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ጠዋት ስትደውዪ ድምፅሽ ጥሩ አልነበረም። «አባዬ፣ ፈትቼ ወለወልኳት፤ አሁን አልገጥም ብላኝ ልወረውራት ምንም አልቀረኝም» አልሽኝ። በስልክ ላስረዳሽ ሞከርኩ። አንቺ ከሌሊት ተረኝነት ወጥተሽ ደክሞሻል፣ ከመስኮትሽ ሥር የፒያሳ ታክሲ ጥሩምባውን ያንባርቃል፣ ጨርሶ አልተግባባንም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

መናደድሽ አይገርመኝም። መሣሪያ መፍታት ቀላል ነው፣ መከራው መግጠሙ ነው። ስትፈቺው ሞላው ራሱ እየገፋ ያግዝሻል። ስትገጥሚው ግን ያው ሞላ ይታገልሻል። ግምጃ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ፈትቶ ያቃተው ሰው አላየሁም። ላብ በላብ ሆኖ የሚመጣው ሁሉ መግጠም ያቃተው ነበር።

ያቺ ሽጉጥሽ፣ ማካሮቭ፣ ሲያዩዋት ቀላል ናት። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊታቸው የተቀበሏት፣ ወደኛም በደርግ ጊዜ በብዛት የገባች፣ ካዝናዋ ስምንት ጥይት የሚይዝ። ለመወልወል የሚወልቀው ካዝናው፣ አፈሙዙን የሸፈነው ላይኛው ብረትና ሞላው ብቻ ነው። ኒኮላይ ማካሮቭ ሲሠራት አንዱን ብረት ሁለት ሦስት ሥራ አሠራው። ምላጩን የከበበው ቀለበት ለጣት መከለያ ብቻ እንዳይመስልሽ። ላይኛው ብረት ከልኩ በላይ ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚያግደውም እሱ ነው። ያንቺ ጣጣ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ይመስለኛል።

ቀለበቱን ወደ ታች ስበሽ፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብለሽ ገላዋ ላይ ታሳርፊዋለሽ። ያዘልኝ ብለሽ ትረሺዋለሽ። በክርንሽ ወይ በመዳፍሽ ሳታውቂ ነካ ካደረግሽው ግን ቀጭ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ላይኛው ብረት የሚበቃውን ያህል ወደ ኋላ አይሄድልሽም። አንቺ ደግሞ ቀለበቱን ስለማታዪ ጉልበት ትጨምሪያለሽ። አልሄድ ባለሽ ቁጥር መጀመሪያ ቀለበቱን እዪ።

ሁለተኛው ሞላው ነው። ጫፎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ አንደኛው ጠበብ ይላል። በቅድሚያ አፈሙዙ ላይ የሚገባው ጠባቡ ጫፍ ነው፤ እስከ ሥሩ ይሄድና አፈሙዙን ቆንጥጦ ይይዛል። አዙረሽ ካስገባሽው ይላላል፣ ሽጉጧን ስታዘነብዪ ተንሸራቶ ይወጣል። ዓይንሽ ቢደክም እንኳ ጣትሽ ይለየዋል፣ ዳስሺው። ከዚያ ላይኛውን ብረት ስታጠልቂበት አፈሙዙ በፊተኛው ቀዳዳ ይወጣል፣ ሞላው ከውስጥ ይቀራል። ሞላው ወደ ጎን ተጣሞ ከሆነ ብረቱ መሃል መንገድ ላይ ይነክሳል። ቀጥ ብሎ ከገባልሽ ብረቱን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳቢው፣ የኋላውን ጫፍ ወደ ታች ተጫኚና ቀስ ብለሽ ወደ ፊት ልቀቂው።

ሲነክስ ግን አትግፊ። እልህ ምላጭ ያስውጣል። መልሰሽ አውልቂው፣ ጨርቁ ላይ አሳርፊው፣ ሻይሽን ጠጪ። ዘይትም አታብዢ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ አቧራው ምን ያህል እንደሆነ አንቺው ታውቂያለሽ፤ ዘይት የበዛበት ብረት አቧራ ሰብስቦ አልንቀሳቀስ ይላል።

ይሄ ሁሉ በልምድ ይመጣል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰው ስንት ታግሎ በመጨረሻ ሲገጥምለት ደስ ይለዋል። ንዴቱም አልበረደለትም። ያኔ እጁ ሳያስበው ወደ ካዝናው ይሄዳል፤ «እስቲ ትሠራ እንደሆነ ልይ» ይላል። የተከራየሽው ክፍል ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ልጄ። ከግድግዳው ማዶ የአከራይሽ ልጆች ይተኛሉ። ስለዚህ ገና መፍታት ሳትጀምሪ ካዝናውን አውጪ፣ ብረቱን ስበሽ ውስጡን በዓይንሽ እዪ፣ በጣትሽም ዳስሺ። ጥይቱን በሙሉ ሣጥን ውስጥ ቆልፊበት። ገጥመሽ ስትጨርሺ በባዶዋ ሞክሪያት። ላይኛውን ብረት ደጋግመሽ ሳቢ፣ ያለ ችግር ይመለስ። መቆለፊያዋን ወደ ላይ ስታደርጊው ብረቱ መንቀሳቀስ የለበትም። ወደ ታች ስትመልሺው መንቀሳቀስ አለበት። ይህን ሳታዪ ካዝናው ከሣጥኑ አይውጣ።

እንዲያውም ከቻልሽ ጣቢያው ውስጥ፣ ሥራ ሳትጀምሪ ወልውያት። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሰው ቤቱ ገብቶ መሣሪያ መፍታት የለበትም። ይሄን በአባትነቴም፣ በሙያዬም እለምንሻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ እጀታዋ ላይ ያለችውን ብሎን አትንኪ። ከሥሯ ያለው ዝርግ ሞላ የመሣሪያ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ለጽዳት መፈታት አያስፈልገውም።

ያልኩሽን ሁሉ አድርገሽ አሁንም እምቢ ካለችሽ ከእሷ ጋር አትታገዪ። ሞላው ደክሞ ወይ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ለመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ አሳዪውና ይቀይርልሽ። እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደኔ ብቅ በዪ፣ እናትሽም ናፍቃሻለች።

አባትሽ