ለሞባይል ገንዘብ ጥናት ቡድን አባላት፦ የቅዳሜው ስብሰባ

የተከበራችሁ አባላት፣

በሐዋሳ ነጋዴዎችና ሸማቾች ላይ የምናካሂደውን የሞባይል ገንዘብ አጠቃቀም ጥናት መጠይቅ አጽድቀን ወደ መስክ የምንወጣበትን ቀን ለመወሰን፣ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ እንሰበሰባለን፤ መገናኛችን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነው።

በዋናነት የምንወያየው በጥያቄ 7 ላይ ነው። ጥያቄው «የሞባይል ገንዘብ ይጠቀማሉ?» ብቻ ስለሚል፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተከተለው ወዲህ ተመዝግቦ የአየር ሰዓት ብቻ የሚሞላውን ሰው፣ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ሸጦ ሒሳቡን በስልክ ከሚቀበለው ነጋዴ አይለይልንም። መመዝገብና መገልገል የተለያዩ ናቸውና፣ በእኔ አስተያየት «ባለፉት 30 ቀናት ለምን ለምን ተጠቀሙበት? ገንዘብ ሲገባልዎ ወዲያው ያወጡታል ወይስ ያቆዩታል?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። (በመጠይቁ ሙከራ እንዳየነው ነጋዴ ደንበኛ እየሰማው ስለ ገቢው እውነቱን አይናገርምና፣ ቃለ መጠይቁ ራቅ ብሎ ይደረግ።)

በሙከራው የሞላችኋቸውን ቅጾችና አንድ የታተመ መጠይቅ ይዛችሁ እንድትመጡ፣ የሲዳምኛውን ትርጉም የያዛችሁም እስከ ሐሙስ ማታ በዚሁ ግሩፕ እንድትልኩ እንጠይቃለን። መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ዓርብ ቀን 6 ሰዓት አሳውቁን፤ የማይመቸው አባል በጥያቄ 7 ላይ ያለውን ሐሳብ በጽሑፍ ይላክልን።

አስተባባሪው