የድሮ መኪና ጎማና ቸርኬ ለምትቀይሩ አባላት

ጤና ይስጥልኝ ውድ አባላት፣

ጎማና ቸርኬ ለመቀየር ያሰባችሁ ስላላችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

መጀመሪያ የቡሎኖቹን አቀማመጥ እዩ። በተለይ ቮልስ ያላችሁ ተጠንቀቁ። የድሮዎቹ በ205 ሚሊሜትር ክብ ላይ 5 ቡሎን አላቸው፤ የኋለኞቹ ደግሞ በ130 ላይ 4። ሁለቱም ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ናቸው፤ ልኩ አንድ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ከፋብሪካ 5.60-15 ጎማ ይዞ የወጣ መኪና ዛሬ 165/80 አር 15 ይሆነዋል። ሰፊ ጎማ ያምራል፣ ይገባኛል። ግን ስትጠመዝዙ ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል፤ መሪውም ይከብዳል። እኔ ብሆን የፋብሪካውን ልክ አልለቅም።

ራዲያልን (ልኩ ላይ «አር» ያለበትን የዛሬውን ዓይነት ጎማ) ከድሮው ዓይነት ጎማ ጋር አትቀላቅሉ። መታጠፊያ ላይ ፊትና ኋላው እኩል አይዝም፣ አደገኛ ነው።

ከሁሉ በላይ ዕድሜውን እዩ። የድሮ መኪና ብዙ ስለሚቆም ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ 2319 ካለ፣ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። 10 ዓመት ካለፈው፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አውልቁት። እባካችሁ በዚህ አትሰስቱ።

ቸርኬ ያገኘ ሰው ከመክፈሉ በፊት የቀዳዳዎቹን ፎቶ ይላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።