የጥንት ሳንቲም በሎሚና በአመድ አይፈተግም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ነሐስን በሎሚና በአመድ ፈትጎ ማብራት በየቤታችን የኖረ ልማድ ነው። ለትሪና ለሙቀጫ ይሆናል። ለሮማ ቄሣሮች የነሐስ ሳንቲም ግን ጥፋት ነው፤ የተፈተገው «ንጹሕ» ተብሎ በውድ ሲሸጥ ማየት ያሳዝነናል።

አረንጓዴው ወይም ቡናማው ሽፋን ቆሻሻ አይደለም። የፊቱና የጽሑፉ ቅርጽ ብዙ ጊዜ የቀረው በዚያ ሽፋን ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሎሚው ሲበላው ፊደሉም አብሮ ይሄዳል። ዓመተ ሰማዕታት ከነገሠበት ከ284 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሚቆጠርለት ዲዮቅልጥያኖስ ያስቀረጻቸው ትልልቅ ሳንቲሞች ደግሞ ስስ የብር ቅብ ነበራቸው። አመድ ያንን ጠርጎ ይወስደዋል። በአንዳንድ የአክሱም ነሐስ ላይ መስቀሉን ያስጌጠችው የወርቅ ልባጭም እንዲሁ ናት።

ሳንቲሙን በብርጭቆ በተቀዳ የባትሪ ውሃ (አሲዱን ሳይሆን የተጣራውን ውሃ) መንከር ነው። ውሃው በየ2 ቀኑ ይቀየር። ከሳምንት በኋላ የላላውን አፈር በአጉሊ መነጽር እያዩ በስቴኪኒ ጫፍ ማንሳት ይቻላል። አፈሩ እምቢ ካለ ተመልሶ ይነከራል እንጂ ጉልበት አይጨመርም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አይሆንም፤ የሽቦ ብሩሽም ይጭራል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ጠንካራና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ጤነኛ ነው። ስቴኪኒ ሲነካው እየረገፈ ከሥሩ ጉድጓድ የሚተወው ግን የነሐስ በሽታ ነው፦ ከአፈር የገባው ክሎራይድ ከእርጥበትና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ አሲድ ይወጣዋል፣ አሲዱ ነሐሱን ይበላል፣ ከዚያም አዲስ ዱቄት ይወልዳል። በደብረ ብርሃን ክረምት፣ ጉሙ ቤት ድረስ ሲገባ፣ በጥቂት ሳምንታት ፊቱን ያበላሻል። ዱቄቱን አንስቶ፣ በባትሪ ውሃ ደጋግሞ አጥቦ፣ በሚገባ አድርቆ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር በደንብ በሚከደን ዕቃ ማስቀመጥ ያስታግሰዋል። የሚተጣጠፍ ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ግን የሚያጣብቅ አረንጓዴ ቅባት ይተውበታል።

ገዢ ጠርዙን ይይ። ዙሪያውን የሚሄድ የስፌት መስመርና ገጹ ላይ ጥቃቅን ክብ ቀዳዳ ካለ፣ ሳንቲሙ በቅርጽ ፈስሶ የወጣ ሐሰተኛ ነው። የሮማው በመዶሻ ይመታ ነበር። ሴስቴርቲዩስ የሚባለው ትልቁ የሮማ ሳንቲም በወርቅ ሚዛን 25 ግራም አካባቢ ይመዝናል።

ይህ ሁሉ በሕጋዊ መንገድ ለተገዛ ነው። በእርሻ የተገኘ ሳንቲም ሳይታጠብ፣ ከነአፈሩ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለቅርስ ኃላፊዎች ይነገራል፤ የተገኘበት ቦታና ጥልቀትም ይጻፍ። ስለ ነሐስ ዕቃ ጽዳት ስትጽፉ ሳንቲምን ለይታችሁ እንድታስጠነቅቁልን እንለምናለን።

የጥንት ሳንቲም ሰብሳቢዎች፣ ከደብረ ብርሃን