ስለ ኬፕ ባሕረ ገብ መሬት የአንድ ቀን የመኪና ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ለጉዞ አዘጋጁ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ኬፕታውን

ስድስት ሆነን የከፈልንበት የቀን ጉዞ በብሮሸራችሁ ላይ እንደተጻፈው አልሆነም። ሾፌሩ ጨዋና ጠንቃቃ ነበር፤ ቅሬታችን መንገዱን ባወጣው ቢሮ ላይ ነው።

ዋናው ጥፋት ባሕረ ገብ መሬቱን የምንዞርበት ዙር የተጀመረበት አቅጣጫ ነው። መኪናው ጠዋት ከሃውት ቤይ ተነስቶ ቻፕማንስ ፒክ በሚባለው፣ በተራራና በባሕር መካከል በሚያልፈው መንገድ በኩል ወደ ደቡብ ወረደ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚነዳው በግራ ስለሆነ፣ ወደ ደቡብ የሚሄድ መኪና ተራራውን ታክኮ ያልፋል፤ ባሕሩ ከፊት ለፊት በሚመጡት መኪኖች በኩል ይቀራል። ይህ መንገድ 9 ኪሎ ሜትር ውስጥ 114 ኩርባ አለው። ለእይታ የተሠሩት ማቆሚያዎች በባሕሩ ጠርዝ ስለሆኑ፣ ከተራራው በኩል ለመግባት ከፊት የሚመጣው በማይታይበት ኩርባ ላይ መስመር ማቋረጥ ግድ ይላል። ሾፌሩ እምቢ አለ፤ ልክ ነበር። በዚህ ምክንያት ቃል ከተገቡት ሦስት የፎቶ ማቆሚያዎች አንዱንም አላገኘንም። ብናገኝ ኖሮም ጠዋት ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስለምትሆን መንገዱ ጥላ ውስጥ ነው።

ዙሩ ከሙዘንበርግ ተነስቶ በካልክ ቤይና በሳይመንስ ታውን በባሕረ ገብ መሬቱ ደቡባዊ ጫፍ ወዳለው ኬፕ ፖይንት ቢወርድ፣ ከዚያም በኖርድሁክ በኩል ወደ ሃውት ቤይ ቢመለስ፣ ባሕሩ ዳር ዳሩን ሲኬድ ሁልጊዜ በግራ ይሆናል። ቻፕማንስ ፒክ ላይም የሚደረሰው ፀሐይ ወደ አትላንቲክ ስታዘቀዝቅ ነው። ድንጋይ ሲናድ ወይም ዝናብ ሲበረታ መንገዱ ስለሚዘጋ ጠዋት ደውሎ መጠየቅ፣ ከተዘጋም ኦው ካፕሰ ቬግ በሚባለው ሌላ የተራራ መንገድ መመለስ ይቻላል። ብሮሸራችሁ ይህን አማራጭ ጨርሶ አያነሳም።

የመግቢያ ዋጋውም አሳስቶናል። "ለአፍሪካውያን ቅናሽ" ብላችሁ ጽፋችኋል፤ ቅናሹ ግን ለሳዴክ (የደቡባዊ አፍሪካ የልማት ማኅበረሰብ) አባል አገሮች ዜጎች ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ አባል አይደለችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚከፍለው የውጭ ጎብኚ ዋጋ ነው፤ እሱም በኬፕ ፖይንት በርና ፔንግዊኖቹ ባሉበት በቦልደርስ ለየብቻ። ልዩነቱን በር ላይ ከኪሳችን ከፈልን።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን የምሳው ነገር ነው። ምሳው የታደለው ኬፕ ፖይንት መኪና ማቆሚያ ላይ፣ የመኪናው በሮች ተከፍተው ነው። የአካባቢው ዝንጀሮዎች ምግብ ካዩ ከእጅ ነጥቀው፣ መኪና ውስጥ ገብተው ይወስዳሉ፤ ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ይህ አደጋ ነው። ምሳ ሳይመንስ ታውን ላይ ይበላ፤ በኬፕ ፖይንት የተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ውስጥ የመኪናው በርና መስኮት ይዘጋ።

ብሮሸሩ ኬፕ ፖይንትን የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍና ሁለቱ ውቅያኖሶች የሚገናኙበት ቦታ ማለቱም ይታረም። ያ ቦታ ኬፕ አጉልያስ ነው፤ ከኬፕ ፖይንት በደቡብ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ስለዚህ የመግቢያው ልዩነትና ያልተፈጸሙት ማቆሚያዎች ድርሻ በ14 ቀናት ውስጥ እንዲመለስልን፣ የዙሩ አቅጣጫ ስለመቀየሩም የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። የበር ደረሰኞቹን አያይዘናል።

ከሰላምታ ጋር
ስድስቱ ተጓዦች