ጫት ያቆመን ሰው አታጣድፉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሱስ ስትጽፉ ብዙ ጊዜ የምናነበው «አንድ ቀን ቆርጬ ተውኩት» ያለ ሰው ታሪክ ነው። ደስ ይላል። ታናሽ ወንድሜ ጫት ሲያቆም አጠገቡ ሆኜ ያየሁት ግን ሌላ ነው።

የምንኖረው ድሬዳዋ ነው፤ የአወዳይ ቅጠል በየቀኑ ትኩሱ ይገባል። ካቲኖን የሚባለው ዋናው አነቃቂ ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ቃሚ የትናንቱን አይፈልግም፣ የዛሬውን ይጠብቃል። ሰውነቱም ሰዓቱን ያውቃል። ወንድሜ መካኒክ ነው። ባቆመ ሰሞን 8 ሰዓት ሲሆን መፍቻውን እንደያዘ ፈዞ ይቆማል፣ ያዛጋል፣ ሲጠሩት አይሰማም። ሌሊት ዱካክ እየተጫነው ጮኾ ይባንናል። ዱካኩ እያደር ለቀቀው፤ የ8 ሰዓቱ ሀራራ ግን ከረመ። በርጫ ቅጠል ብቻ አይደለማ! ጓደኛም ነው፣ ጨዋታም ነው፤ ያን የሚተካ ነገር በአንድ ጀምበር ከየት ይመጣል?

መሃል ላይ የጓደኛው ሰርግ ደረሰና ተመልሶ ቃመ። «ድሮስ መች ይተዋል ብላችሁ!» ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ሳይቅም የቆየባቸው ወራት ሁሉ እንዳልነበሩ ተቆጠሩ። እጅግ ያዘንኩት ያኔ ነው።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2010 የታተመ ጥናት አለ። ምሳ ላይ ፍራፍሬ እንደ መብላት ያለ ቀላል ልማድ እንኳ እስኪዋሃድ በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ እስከ 254 ቀን ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል። አንድ ቀን መዝለልም የተጀመረውን አላፈረሰውም። ፍራፍሬ ይህን ያህል ካስታገሠ፣ ለዓመታት የተቃመ ጫት ምን ያህል ያስታግሥ?

ሚስቶች፣ እናቶች፣ አሠሪዎች፣ እባካችሁ አንድ ቀን ቃመ ብላችሁ ሰውን ከቤትም ከሥራም አታባርሩ። የወንድሜ አሠሪ ከሰዓት በኋላ ዕቃ መግዛት እየላከው ያንን ክፉ ሰዓት አሳልፎለታል። እግዜር ይስጠው።

እናንተም ካቆሙ ሁለት ሦስት ዓመት የሆናቸውን ሰዎች አነጋግሩልን። ስንቴ ተመለሱ? ማን ታገሣቸው? ከሰዓት በኋላውን በምን ሞሉት? ወንድሜም ያነበዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ይከብደዋል።

አክባሪያችሁ
የአንድ መካኒክ እህት፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን