መርከበኞቹ ራሳቸው ይንገሩን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፤

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ፊልሞቻችን አንድ ዓይነት ታሪክ እየደጋገሙ ነው ብላችኋል። እውነት ነው። ግን ታሪክ ጠፍቶ ሳይሆን ባለታሪኮቹን የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው።

እዚህ ሐዋሳ፣ ሰፈራችን ውስጥ አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን አሉ። ስማቸውን እንድጽፍ አልፈቀዱልኝም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብ ልትያዝ ስትል በመርከብ ወደ የመን ከተሻገሩት አንዱ ናቸው። አገራቸው ሲገቡ ባሕሩም ባሕር ኃይሉም የለም። ያን ሁሉ በደብተር ጻፉት፤ ተውኔት አድርገው።

ተኩስ የለበትም። ሁለት መርከበኞች የመን ወደብ ላይ በቆመች መርከብ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጡ ስለ ሚስቶቻቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ነገ የት እንደሚያድሩ ያወራሉ፤ በቃ ይኸው ነው፣ እኔ ግን ሳነበው እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። የሰፈር ልጆችን ሲያለማምዱም አይቻለሁ። አንዱ ልጅ እግሩን ገጥሞ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ «መርከብ ላይ ነህ እኮ! እግርህን ከፈት፣ ጉልበትህን ላላ አድርግ፤ ወለሉ ዝም ብሎ አይቆምልህም» አሉት። ይህን ባሕር ላይ ያልኖረ አዘጋጅ ከየት ያመጣዋል? አንድ ፕሮዲውሰር ግን ጽሑፉን አገላብጦ «ፍቅር ይግባበት» አላቸው። ያበሳጫል።

ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶም እኮ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። የመኪና አደጋ አብራሪ የመሆን ሕልሙን ቢያስቀረው ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1943 ከኢንጂነር ኤሚል ጋኛን ጋር የጠላቂ መተንፈሻ ሠራ፣ በ1956 ከሉዊ ማል ጋር ያዘጋጀው ፊልም በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን ወሰደ፣ ቀጥሎም በ1963 ሱዳን አጠገብ ቀይ ባሕር ውስጥ ሰዎች ከውኃ በታች ሲኖሩ የቀረጸው ፊልም ኦስካር አገኘ። የእኛዎቹም በዚያው ባሕር ላይ ነበሩ፤ ካሜራ የሰጣቸው ግን አልነበረም።

በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣችው የባሕር ኃይላችን «ኢትዮጵያ» መርከብ መጨረሻዋ ለቁርጥራጭ ብረት መሸጥ ሆነ። የሠሩባት ሰዎችም እያረጁ ነው። ጎረቤቴ ይህ ስለገባቸው አሁን በስልካቸው የድሮ ጓዶቻቸውን እያስወሩ መቅረጽ ጀምረዋል። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ብርሃኑም ደካማ ነው፣ እሳቸው ግን አያቆሙም።

የሲዳማ ባህል አዳራሽ ለአንድ ቅዳሜ ቢፈቀድላቸው ልጆቹ ዝግጁ ናቸው። ሙያው ያላችሁ የሐዋሳ ልጆች ደግሞ በካሜራና በድምፅ መቅረጫ አግዟቸው። እናንተም ጋዜጠኛ ላኩ፤ እሳቸውን ማስፈቀዱን ለእኔ ተዉት፣ ቤታቸውንም አሳያችኋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ